ጫማን እንደ ምድሩ ስለ መምረጥ

ወደ ዱር የሚሄድ ሰው ከሚይዛቸው መሣሪያዎች ሁሉ ዕረፍት የሌለው ጫማው ነው። ጠመንጃ በትከሻ ላይ ያርፋል፤ መነጽር በማኅደሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ በቅሎም ጭነቷ ሲወርድላት ትተነፍሳለች፤ ጫማ ግን ባለቤቱ እስከ ተራመደ ድረስ ከድንጋይ፥ ከእሾህ፥ ከውኃና ከጭቃ ጋር ሲታገል ይውላል። እንዲህም ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ጠመንጃ ሲገዛ ወዳጅ ያማክራል፥ ዒላማ ተኩሶ ይፈትናል፤ ጫማ ሲገዛ ግን መልኩንና ዋጋውን ብቻ አይቶ ይመለሳል። በመሥሪያ ቤትም ዘንድ ለዱር አራዊት ጠባቂዎች ጫማ በሚገዛበት ጊዜ፥ ብዛቱ ስንት ነው፥ ዋጋውስ ስንት ነው ተብሎ መጠየቁ የታወቀ ነው፤ ጫማው የሚረግጠው ምድር ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ጫማ በራሱ ጥሩ ወይም ክፉ ሊባል አይቻልም። ጥሩነቱ የሚታወቀው ከሚረግጠው ምድር፥ ከሚደረግበት ወራትና ከሚሸከመው ሰው ጋር ሲመዛዘን ነው። በአንዱ ቦታ ሰውን የሚያድን ጫማ በሌላው ቦታ ሰውን ያቆስላል። ስለዚህ ጫማ የሚመርጥ ሰው፥ ይልቁንም ለሌሎች ጫማ የመምረጥ ሥልጣን የተሰጠው ሰው፥ ከዋጋው አስቀድሞ ምድሩን ሊመረምር ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ምድር ይህን ነገር ገልጦ ያሳያል። የደንከል ረባዳ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፥ የሰሜን ተራሮች ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። በሁለቱ መካከል በረሓው፥ ቆላው፥ ወይና ደጋው፥ ደጋውና ውርጩ ተደራርበው ይገኛሉ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 አደንን በፈቃድ የሚደረግ ሥራ አድርጎታል። እንግዲህ ፈቃድ የያዘው አዳኝ፥ ፊት ፊት እየሄደ ዱካ የሚያወጣው መሪና ያለ ፈቃድ የሚያድኑትን የሚከላከለው ጠባቂ ሦስቱም በዚሁ ምድር ላይ ይመላለሳሉ። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ጫማ ማደል፥ ለቆላና ለደጋ አንድ ዓይነት ዘር እንደ መዝራት ነው።

አስቀድሞ ስለ ደጋው ይነገር። የባሌና የአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን መኖሪያ ናቸው፤ ይህም እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር የማይገኝ ነው። ሳነቴ የሚባለው አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፥ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ራሱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ማለዳ ሣሩ በጤዛ ይርሳል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ያቃጥላል፤ ከዚያም በኋላ ዝናም ወይም በረዶ ሊመጣ ይችላል። አስታው በበቀለበት ስፍራ ሥሩ እግር ይጠልፋል፤ ረግረጉም በሣር ተሸፍኖ ደረቅ መሬት መስሎ ይታያል። ለእንዲህ ያለው ቦታ የሚስማማው ጫማ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚወጣ፥ ከወፍራም የከብት ቆዳ የተሠራና ስፌቱ ያነሰ ነው፤ ስፌት በበዛ ቁጥር ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ ይበዛልና። ምላሱም ከሁለቱ ጎኖች ጋር አብሮ የተሰፋ ቢሆን ውኃና ጠጠር በክሩ ሥር አይገቡም። በዚህ ላይ ገምባሌ ቢታከልበት የረጠበ ሣር ሱሪውን አልፎ ወደ ካልሲው ውኃ እንዳያወርድ ይከለክላል።

ውኃ እንዳያስገባ፥ ላብ ግን እንዲያስወጣ ተብሎ በጫማው ውስጥ የሚሰፋ ስስ ገበር አለ። ይህ ገበር በደጋ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ውኃ በአፉ በኩል አንድ ጊዜ ከገባበት ለመድረቅ ብዙ ሰዓት ይወስድበታል፤ ሲያረጅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተስፋ ሊጣል የሚገባው አስቀድሞ በቆዳውና በስፌቱ እንጂ በገበሩ አይደለም።

የሰሜን ገደል ደግሞ ሌላ ጫማ ይፈልጋል። ዋልያ በሚኖርበት በዚህ ፓርክ አደን የተከለከለ ስለ ሆነ በዚያ ሌት ተቀን የሚመላለሰው ጠባቂው ነው። በገደል አፋፍ ላይ የሚቆም ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ አንዳንድ ጊዜ ከሦስት ጣት አይበልጥም። ለስላሳ ሶል በዚህ ጊዜ ይታጠፍና የሰውየውን ክብደት በጣቶቹ ላይ ይጥላል፤ ጠንካራ ሶል ግን ድንጋዩን በጠርዙ ይዞ ይቆማል። በኢጣልያ አገር ቪታሌ ብራማኒ የሚባለው ተራራ ወጪ በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስድስት ጓደኞቹ በአልፕስ ተራራ ላይ ሞቱበት፤ ለአደጋውም አንዱ ምክንያት ጫማቸው ለቦታው የማይስማማ መሆኑ እንደ ነበረ ይነገራል። በዚያ ዘመን ተራራ ወጪዎች ሚስማር የተመታበት ጫማ ያደርጉ ነበር። ብራማኒ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥልቅ ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል አወጣ፤ ሶሉም ከስሙና ከአባቱ ስም ተውጣጥቶ ቪብራም ተባለ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታየው ጥርሳም የተራራ ጫማ ከዚህ ሥራ ብዙ ወርሷል።

ከተራራው ወደ አፋር በረሓ የሚወርድ ሰው ያንኑ የደጋ ጫማ ይዞ ቢወርድ ይጎዳል። ወፍራሙ ቆዳና ውኃ የማያስገባው ገበር ሙቀቱን በውስጡ ያምቁታል፤ እግሩ በላብ ይርሳል፤ የረጠበ ቆዳ ደግሞ በቶሎ ይላጣል፥ ውኃም ይቋጥራል። ለበረሓ የሚሻለው ቀለል ያለ፥ ገበር የሌለው፥ ከሸራ ወይም ካልተለሰነ ቆዳ የተሠራና አየር የሚያሳልፍ ጫማ ነው። ይሁን እንጂ የላዩ መቅለል የሥሩ መሳሳት መሆን የለበትም። የግራር እሾህ ለስላሳውን የስፖርት ጫማ ሶል አልፎ ውስጥ እግር ይወጋል፤ የእሳተ ገሞራው ድንጋይም እንደ ሞረድ ሶሉን ይበላል። ስለዚህ በቆላ ሶሉ ወፍራምና ጠጣር፥ ላዩ ግን ቀላል ይሁን። በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘ ሶል በጋለ መሬት ላይ ሲውል ሊላላ እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም። በጨዋማው ምድር የሚሄድም ማታ ማታ ጨውን ከቆዳው ላይ በረጠበ ጨርቅ ካላበሰ፥ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው ምድር ረግረጉና መረሬው ነው። በጋምቤላ በባሮና በአኮቦ ዳር፥ እንዲሁም በኦሞ ቆላ በክረምት ወራት ጥቁሩ አፈር እንደ ሊጥ ከጫማ ጋር ይጣበቃል። ጥርሱ የተቀራረበ ሶል ጭቃውን ይዞ ስለማይለቅ ሰውየው በያንዳንዱ እግሩ ሌላ ጫማ እንደ ተሸከመ ይሆናል። በእግር ላይ የተጨመረ ክብደት ደግሞ በጀርባ ከተሸከሙት ክብደት ብዙ እጥፍ አብልጦ እንደሚያደክም በምርመራ ተረጋግጧል። ስለዚህ በመረሬ የሚሄድ ሰው ጥርሱ የተራራቀና ጭቃውን የሚያራግፍ ሶል ይምረጥ። ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚውል እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ይጠቅመዋል፤ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ግን በላስቲክ ውስጥ እግሩ በላቡ ስለሚርስ ይቸገራል። የአሜሪካ ሠራዊት በቬትናም ጦርነት ጊዜ በ1960ዎቹ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለወታደሮቹ ላዩ ሸራ፥ ጎኑም ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ጫማ ሰጥቶ ነበር። የዚህ ጫማ ምሥጢር ውኃን አልከለክልም፥ ነገር ግን ቶሎ አስወጣለሁ ማለቱ ነው። ውኃ ሊከለከል በማይችልበት ቦታ ይህ የብልሆች ምክር ነው።

በቀዝቃዛው አገር ለረግረግ የተፈለሰፈው የአደን ጫማ ደግሞ ለገዢም ለሻጭም የሚሆን ትምህርት አለው። በአሜሪካ በሜይን ግዛት ይኖር የነበረው ሊዮን ሊዮንዉድ ቢን የሚባለው አዳኝ እግሩ በውኃ እየራሰ ስላስቸገረው ከሥር ላስቲክ፥ ከላይ ቆዳ የሆነ ጫማ አሠርቶ በ1912 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለአዳኞች መሸጥ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ 100 ጫማዎች 90ው ላስቲኩና ቆዳው ከስፌቱ እየተላቀቀ ተመለሱበት። ሰውየው ገንዘቡን ለሁሉ መልሶ፥ ብድር ወስዶ፥ ጫማውን እንደገና አሻሽሎ ሠራው፤ ንግዱም ከዚያ በኋላ ጸና። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ ጫማ የሚፈተነው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በውኃና በጭቃ ውስጥ ነው፤ ስለ ሥራው ኃላፊነት የማይወስድ ሻጭም ዕቃው ምንም ቢያምር ሊታመን አይገባም።

አሁን ደግሞ ስለ ዘላቂነት ይነገር። የጫማ ዕድሜ የሚወሰነው ሶሉ ከላዩ ጋር በተያያዘበት መንገድ ነው። ቻርልስ ጉድይር ዘ ታናሹ በሚባለው አሜሪካዊ ስም የሚጠራው የስፌት መኪና ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በጫማው ዙሪያ የቆዳ ጠርዝ እየሰፋ፥ ሶሉን ከዚያ ጠርዝ ጋር ያያይዛል። በዚህ ዓይነት የተሠራ ጫማ ሶሉ ባለቀ ጊዜ ጫማ ሰፊው የላዩን ቆዳ ሳይነካ አሮጌውን ቆርጦ አዲሱን ይተካለታል። በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘው፥ ወይም ቀልጦ የፈሰሰ ሶል ያለው ጫማ ግን ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ሶሉ ባለቀ ጊዜ ላዩም አብሮ ይጣላል። ጫማ ሰፊ በቅርብ በማይገኝበት በረሓና ተራራ የሚሠራ ሰው ወደ ከተማ በተመለሰ ጊዜ ሊታደስለት የሚችል ጫማ ቢይዝ ይሻለዋል።

ለግምጃ ቤት ሹሞች በተለይ የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። ብዙ አዲስ ጫማዎች ከሶሉና ከላዩ መካከል ፖሊዩሬታን የሚባል ለስላሳ ንጣፍ አላቸው። ይህ ንጣፍ ጫማው ምንም ባይደረግ እንኳ ከአየር ውስጥ በሚስበው እርጥበት ከጊዜ ብዛት ይበሰብሳል። ጫማው በሣጥኑ ውስጥ አዲስ መስሎ ብዙ ዓመት ይቀመጥና በተደረገ በመጀመሪያው ቀን ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ስለዚህ ርካሽ ተገኘ ብሎ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ጫማ ገዝቶ ማከማቸት ቁጠባ አይደለም። የገባው አስቀድሞ ይውጣ፤ ጫማው የተሠራበት ዓመትም በመዝገብ ይጻፍ።

መልካም ጫማ ተገዝቶም ቢሆን ከእግር ጋር ካልተስማማ ዋጋ የለውም። ጫማ የሚለካው ማታ፥ እግር ከውሎ በኋላ አበጥ ባለ ጊዜና በጉዞ ላይ በሚደረገው ካልሲ ነው። ቁልቁለት ሲወርዱ ጣቶች ከፊቱ እንዳይጋጩ ጥቂት ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ተረከዝ ግን እንዳይነሣ ጠበቅ ይላል። አዲስ ጫማ አድርጎ ረጅም ጉዞ መጀመር አይገባም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ጫማውን በሰፈር ሳያለማምድ የወጣ አዳኝ በሁለተኛው ቀን በሰው ትከሻ ይመለሳል። የካልሲም ነገር ቀላል አይደለም። ከ1914 እስከ 1918 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውኃ ውስጥ ቆመው የዋሉ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ የእንግሊዝ ወታደሮች እግራቸው በእርጥበትና በብርድ ታመመ። ከመድኃኒቶቹም አንዱ እጅግ ተራ ነገር ነበር፤ እግርን ማድረቅ፥ ዘይት መቀባትና ደረቅ ካልሲ መለወጥ። ዛሬም ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ከጥይቱ አስቀድሞ ትርፍ የሱፍ ካልሲውን ይቍጠር።

የረጠበ ጫማ ከእሳት ዳር ማስቀመጥ ብዙ ሰው የሚያደርገው ስሕተት ነው። ቆዳ በእሳት ሲደርቅ ይኮማተራል፥ ይሰነጠቃል። ጭቃው ታጥቦ፥ በውስጡ ደረቅ ጭድ ወይም ወረቀት ተጠቅጥቆ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ቢቀመጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ከዚያም በኋላ ሰም ያለበት ቅባት ይቀባል። ሁለት ጫማ ያለው ሰው እያፈራረቀ ቢያደርግ፥ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራልና የሁለቱም ዕድሜ ይረዝማል።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ጫማ ለሚገዛ ሰው ነው። ነገር ግን በአደን ጉዞ ላይ ከሁሉ ፊት የሚሄደው፥ እሾሁንም እባቡንም አስቀድሞ የሚያገኘው ዱካ የሚያወጣው የአገር ልጅ ነው። አዳኙ ከባሕር ማዶ የመጣ ውድ ጫማ ተጫምቶ ሳለ መሪው በነጠላ ጫማ ወይም በባዶ እግሩ ሲሄድ መታየቱ የሚያሳዝን ነገር ነው። የጉዞ ፍጥነት የሚለካው በደካማው እግር ነውና የጉዞውም ጫማ መለካት የሚገባው በመሪው እግር ነው። አዳኝን የሚያሠማሩ ድርጅቶች ከሚቀበሉት ገንዘብ ለመሪውና ለተሸካሚው ጫማ ቢገዙ፥ ይህ የሥራው መሣሪያ እንጂ ምጽዋት ሊባል አይገባውም።

አንዳንድ ሰዎች አባቶች በባዶ እግራቸው ገደል ወጥተዋል፥ አራዊትም አድነዋል፤ የእግራቸው ቆዳ እንደ ሶል የጠነከረ ነበር ብለው ይከራከሩ ይሆናል። የአባቶች ጽናት የሚካድ አይደለም። ነገር ግን የጠነከረ ቆዳ እሾህን ቢመልስ እንኳ የአፈርን ትቢያ አይመልስም። ዝሆኔ ከሚባለው የእግር እብጠት አንዱ ክፍል በትንኝ የሚተላለፍ ሲሆን፥ ሁለተኛው ክፍል ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው የደጋና የወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢትዮጵያ መርምሮ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ እየገቡ ይህን በሽታ እንደሚያመጡ አስረዳ፤ በሽታውም ፖዶኮኒዮሲስ ተባለ። በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደ ታመሙበት ይገመታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብ የሚከለከል ነው።

በዚህ ነገር የካህናት ቃል ከአዋጅ ይልቅ ይሰማል። በቤተ መቅደስ ደጅ ጫማ ማውለቅ ሙሴ በሲና ተራራ ከታዘዘው ጀምሮ የአክብሮት ሥርዓት ነው። ጫማ በተቀደሰ ስፍራ ይወልቅ ዘንድ ግን አስቀድሞ በመንገድ ላይ መደረግ አለበት። ሕዝቡ ይህን ከመምህሩ አፍ ቢሰማ፥ የታመመውን ሰው ከማኅበር የሚያርቀው ይቀርብለታል፤ ጫማ ለልጁ መግዛትን እንደ ቅንጦት የሚቈጥረውም አባት አሳቡን ይለውጣል።

የቀረው ክርክር የገንዘብ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ስለ ሆነ ርካሹን መግዛት ታማኝነት ነው የሚል ሹም ቅን አሳብ አለው፤ ሒሳቡ ግን ጎዶሎ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጫማ በ2,000 ብር ተገዝቶ አንድ ዓመት ቢያገለግል፥ በሦስት ዓመት 6,000 ብር ይወጣበታል። ሌላው በ4,500 ብር ተገዝቶ፥ በመካከሉ ሶሉ በ700 ብር ታድሶ ሦስት ዓመት ቢያገለግል ወጪው 5,200 ብር ነው። በዚህ ላይ በርካሹ ጫማ እግሩ ቆስሎ የተኛው ጠባቂ ደመወዝና እርሱ በተኛበት ሳምንት ያለ ጠባቂ የዋለው ዱር ሲታሰብ፥ ርካሽ የተባለው የትኛው እንደ ሆነ ይገለጣል። ታማኝነት የዛሬውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚያገለግልበትን ዘመን አብሮ መቍጠር ነው።

ስለዚህ ጫማ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ለደጋ፥ ለቆላና ለረግረግ የሚሆነውን ለይቶ በጨረታው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ናሙናውን ለጥቂት ጠባቂዎች ሰጥቶ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይፈትን፤ የሚፈርደውም በቢሮ የተቀመጠው ሹም ብቻ ሳይሆን የተጫማው ጠባቂ ይሁን። የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም በዚህ ዕድል አላቸው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ የተመረጠ ነው፤ ለአደን ጫማ የሚሆነው የከብት ቆዳም በአገሪቱ ሞልቷል። ሲታረድ በቢላዋ ያልተበሳ፥ በጎተራ ያልበሰበሰና በደንብ የለፋ ቆዳ ለአገሩ ተራራና ለአገሩ በረሓ የሚሆን ጫማ ይወጣዋል። ምድሩን የሚያውቅ ገዢ ቢገኝ፥ ምድሩን የሚያውቅ ጫማ የሚሠራ ሰው አይጠፋም።